አዲስ አበባ የገቡት ብርማ ተሳቢዎች ለዛሬው ጎታች የተዉት ትምህርት

በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959/60) ከኬንያ ሰሜናዊ በረሃ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው አስቸጋሪ መንገድ ላይ፣ ያገሬው ሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰልፍ ይጓዝ ነበር። ከፊት መኪና፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ ጫፍና ጫፉ የተድበለበለ የአሉሚኒየም ቤት። እንዲህ ያለ 41 ተሳቢ ተከታትሎ ይመጣል። በየተሳቢው ውስጥ አልጋ አለ፤ ምድጃ፣ የውሃ ጋን፣ መታጠቢያም አለ። ተጓዦቹ አብዛኞቹ አሜሪካውያን፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ጉዟቸውን የጀመሩት ከኬፕታውን ሲሆን መድረሻቸው ካይሮ ነበር። አዲስ አበባ ሲገቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ከሰባት ወር በላይ ከፈጀ ጉዞ በኋላም ተሳቢዎቻቸውን ከግብፅ ፒራሚዶች ሥር አቁመው የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል።

ለእኛ ተሳቢ ማለት ያኔም ዛሬም ዕቃ ነው። ያኔ ከአሰብ፣ ዛሬ ከጅቡቲ እህልና ማዳበሪያ፣ ብረትና ሲሚንቶ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣው ከባድ መኪና ከነተሳቢው በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል። ቤትን ከመኪና ጀርባ አስሮ ለመዝናናት መሄድ የሌላ አገር ልማድ ይመስለን ነበር። አሁን ግን በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ፒክአፕ ገዝቶ፣ ልጆቹን አሳፍሮ፣ ኋላው የሞተር ማደሪያ ያለው የመኖሪያ ተሳቢ እየጎተተ ወደ በረሃና ወደ ሐይቅ ዳር መሄድ ጀምሯል። አሜሪካኖቹ ይህን ዓይነቱን ተሳቢ ቶይ ሃውለር ይሉታል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚህ ተሳቢ ነው፤ ወደ ድሮው ሰልፍ የተመለስኩትም ዛሬ በየአውራ ጎዳናው ዳር ተገልብጦ የምናየው ቶይ ሃውለር የሚጎድለው ነገር ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ በብዙ ኪሳራ የተገኘ ዕውቀት ስለሆነ ነው።

የሰልፉ መሪ ዋሊ ባያም ይባላል። በ1896 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በኦሪገን ግዛት፣ ቤከር ሲቲ ተወለደ። በልጅነቱ በግ ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ የሚያድረው አህያ በሚጎትታት፣ ምድጃና መኝታ ባላት ትንሽ ጋሪ ውስጥ ነበር። አድጎ ሎስ አንጀለስ ገባና መጽሔቶች ማሳተም ያዘ። ከመጽሔቶቹ በአንዱ ሰው በገዛ እጁ ተሳቢ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ንድፍ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አንባቢዎች ንድፉ አይሠራም እያሉ ያማርሩ ጀመር። ባያም ንድፉን ይዞ ራሱ ሊሠራው ሞከረ። እውነትም አይሠራም። ከዚያ በኋላ የራሱን ንድፍ አውጥቶ ሸጠ፣ ተሳቢውን እየሠራም መሸጥ ጀመረ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው የኤርስትሪም ድርጅት መነሻው ይኸው ነው። ሰውየውን የምወደው ለዚህ ነው፤ የታተመ ነገር ስለታተመ ብቻ አያምንም፣ በእጁ ሠርቶና መንገድ ላይ አውጥቶ ያየዋል።

በ1936 ያወጣው ክሊፐር የተባለ ተሳቢ ሥሩ ከአውሮፕላን ሙያ ነው። ከሱ በፊት ሃውሊ ቦውለስ የሚባል የተንሸራታች አውሮፕላን ሠሪ፣ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረበትን አውሮፕላን ግንባታ የተቆጣጠረው ሰው፣ በአሉሚኒየም ቆርቆሮና በሪቪት የተሠራ ቀላል ተሳቢ ቤት በ1934 አውጥቶ ነበር። የቦውለስ ተሳቢ በሩ ከፊት፣ ልክ ከመጋጠሚያው በላይ ነበር። ባያም ያንን ሐሳብ ወስዶ በሩን ወደ ጎን አዞረው። ዋናውን ነገር ግን አልነካውም፤ ተሳቢ ቀላል መሆን አለበት፣ ክብደቱም የት ቦታ ላይ እንዳረፈ ሠሪው ማወቅ አለበት።

እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ ሊከሽፍ ምንም አልቀረውም። በ1951 ባያም ከቴክሳስ ተነስቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ መካከለኛው አሜሪካ የሚሄድ ጉዞ እንዳዘጋጀ ሲያስታውቅ ከ60 በላይ ተሳቢዎች መጡለት። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 14 ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን ተሳቢ ቤት የሚጎተተው በአብዛኛው ለአስፋልት በተሠራ የቤት አውቶሞቢል ነበር። መንገዱ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መኪናው ይሞቃል፣ ባሌስትራው ይሰበራል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ትምህርት የሚሆነን። ባያም ጉዞውን አልተወም፤ እያንዳንዱን ጉዞ መፈተኛ አደረገው። መንገድ ላይ የተሰበረውን ዕቃ መዝግቦ ወደ ፋብሪካው ይመልሳል፤ ፋብሪካው ያንን ያጠናክራል፣ ያልተሰበረውን ደግሞ ያለ ምክንያት አያከብደውም። በ1956 አውሮፓን ዞሩ። በ1959 ለአፍሪካ ሲነሱ የሚጎትተው መኪና ተለውጦ ነበር፤ በብዛት ፒክአፕና ሌላ ለጭነት የተሠራ መኪና ነው። መለዋወጫ ይዘዋል፣ ሥራ ተከፋፍለዋል። አፍሪካም አልማረቻቸውም፤ ጭቃውም፣ የፈነዳው ጎማም፣ የተሰበረው ብረትም ነበር። ልዩነቱ፣ በ1951 አብዛኛውን ሰው ከመንገድ ያስቀረው ዓይነት ብልሽት በ1959 ቆም ተብሎ የሚጠገን ነገር ሆነ። መኪናና ተሳቢ የተገዙት ለየብቻ ቢሆንም ለጉዞ የተዘጋጁት ግን እንደ አንድ ነገር ነበር። በእኔ አስተያየት ከዚያ ጉዞ ሁሉ ለቶይ ሃውለር ባለቤት የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ቶይ ሃውለር ከተራው የመኖሪያ ተሳቢ የሚለየው በጀርባው ነው። የኋላው ግድግዳ ተዘርግቶ መወጣጫ ይሆናል፤ በዚያ በኩል ሞተር ብስክሌት፣ ባለአራት ጎማ ሞተር ወይም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት የአሸዋ መኪና ይገባል። ሞተሩ ሲወጣ ከጣሪያው ላይ አልጋ ወርዶ ያው ቦታ መኝታ ቤት ይሆናል። በደቡብ ምሥራቅ ካሊፎርኒያ፣ ግላሚስ አጠገብ ያለው ታላቅ የአሸዋ ክምር በኖቬምበር የምስጋና በዓል ሰሞን በእነዚህ ተሳቢዎች ይሞላል። ቤተሰቡ አንድ ላይ ያድራል፣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ይጋልባሉ፣ ማታ እሳት ይነዳል። ይህን ደስታ ያየ ሰው መግዛት ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ጣጣው ያለው ይህ የሞተር ማደሪያ፣ ማለትም ጋራዡ፣ ባለበት ቦታ ላይ ነው። ተራው ተሳቢ ቤት ተሞልቶም ባዶም ክብደቱ እጅግ አይቀያየርም፤ ሶፋውም ምድጃውም ቦታቸው ላይ ናቸው። ቶይ ሃውለር ግን አንድ ቀን ጋራዡ ባዶ ነው፣ በማግስቱ 600 ኪሎ ብረት ከአክሰሉ ኋላ ተቀምጦበታል። ዛሬ የውሃ ጋኑ ሙሉ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ባዶ ነው። የአንድ ተሳቢ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጭነቱ የሚለዋወጡ የሦስት አራት ተሳቢዎች ባለቤት መሆን ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ልዘርዝረው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን በማንኛውም ተሳቢ ላይ ይሠራል። ተሳቢው ባዶውን 3,200 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከዚህ ውስጥ 550 ኪሎው ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ ቀሪውን የተሳቢው ጎማዎች ይሸከሙታል። ከመጋጠሚያው እስከ አክሰሎቹ መካከል 6 ሜትር ነው። አሁን 600 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ መኪና አስገብተን ክብደቱ ከአክሰሎቹ 2 ሜትር ወደ ኋላ አረፈ። 600ን በ2 አባዝተን ለ6 ብናካፍለው 200 ይመጣል። ኋላ የገባው ጭነት ከፊት 200 ኪሎ አነሳ ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ የቀረው 350 ኪሎ፣ የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ 3,800 ኪሎ ሆነ። ይህ ከመቶ 9 ገደማ ነው። ከመኪናው ጀርባ ባለ የብረት ኳስ ላይ ተጋጥሞ የሚጎተት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው መጋጠሚያው ላይ እንዲያርፍ ይፈለጋል። ስለዚህ አነሰ።

ቀጥለን 300 ሊትር ውሃ እንሙላ፤ 300 ኪሎ ነው። ጋኑ ከአክሰሎቹ 2 ሜትር ወደ ፊት ከሆነ መጋጠሚያው ላይ 100 ኪሎ ይጨምራል፤ 450 ከ4,100፣ ከመቶ 11 ሆነ፣ ጥሩ ነው። የዚያው ተሳቢ ጋን ከአክሰሎቹ 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ውሃ 50 ኪሎ ያነሳና 300 ከ4,100 ይሆናል፤ ከመቶ 7 ብቻ። ውሃው አንድ ነው፣ ሊትሩም አንድ ነው፣ የጋኑ ቦታ ግን መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ተሳቢ ከሚወዛወዘው ይለየዋል። ይህን ሻጩ ሲነግር ሰምቼ አላውቅም፤ የገዢዎች ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ማቀዝቀዣው ነው። ከተሳቢው ሥር ጎንበስ ብሎ ጋኑ የት እንዳለ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጋጠሚያው ላይ ያለው ክብደት ሲያንስ ምን ይሆናል? ተሳቢው በራሱ መሪ የሌለው ነገር ነው፤ ቀጥ የሚለው ፊቱ ተጭኖ ከመኪናው ጀርባ ስለሚያዝ ነው። ጭራው ሲከብድ ትልቅ የጭነት መኪና አልፎት የሚፈጥረው ንፋስ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ትንሽ የመሪ ማዞር ተሳቢውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ተመልሶ ሲመጣ መሃሉን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ፍጥነቱ ከፍ ያለ ከሆነ እያንዳንዱ ምልልስ ካለፈው ይሰፋል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መኪናውን ተሳቢው መንዳት ይጀምራል። አጋሰስ የሚነዳ ሰው ጭነቱ ወደ ኋላ መንሸራተቱን ሲያይ ወዲያው አቁሞ እንደሚያስረው፣ የተሳቢውም ጭነት መታረም አለበት፤ ግን ከመነሳት በፊት።

ከተነሳ በኋላ መወዛወዝ ከጀመረ የብዙ ሰው ደመ ነፍስ የሚያዘው ነገር ሁሉ ስህተት ነው። የመኪናውን ፍሬን በኃይል መርገጥ አይረዳም፤ መኪናው ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ክብደት ግን ይገፋዋል። መሪውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ ተሳቢውን ለማቃናት መሞከርም ያባብሰዋል። የሚያስፈልገው እግርን ከነዳጅ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ከመሪው አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ነው። ያን ጊዜ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትትና ይቃናል። ይህች ትንሽ መቆጣጠሪያ የት እንዳለች እጅ በጨለማ ሊያውቃት ይገባል፤ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ በዝግታ እየነዱ ደጋግመው ሊለማመዷት ይገባል። ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሚያግዘው ሰውም። ባል ብቻ የሚነዳበት ቤት ብዙ ነው፤ ሚስት አንድም ቀን ጎትታ የማታውቅ ከሆነ እሱ መንገድ ላይ ቢታመም ማን ያደርሳቸዋል?

አሁን ወደ መኪናው ልመለስ፤ የ1951ዱ ሰልፍ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነበርና። የፒክአፕ ማስታወቂያ የሚጮኸው ስለሚጎትተው ክብደት ነው። የሚያጥረው ግን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሾፌሩ በር ከፈት ሲል ከብረቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የሰዎቹና የጭነቱ ድምር ከዚህ መብለጥ የለበትም ይላል። 700 ኪሎ ይበል እንበል። ባል፣ ሚስትና ሁለት ጎረምሶች 300 ኪሎ። የመጎተቻው ብረትና የመጋጠሚያውን ክብደት ወደ ሌሎቹ ጎማዎች የሚያካፍለው ክብደት ማከፋፈያ ብረት 45 ኪሎ። ኋላ ላይ የበረዶ ሣጥን፣ ማገዶ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ 100 ኪሎ። የቀረው 255 ኪሎ ነው። ከላይ ያየነው ተሳቢ ባዶውን ሲጎተት መጋጠሚያው ላይ የሚጥለው 550 ኪሎ ነበር። መኪናው 5,000 ኪሎ ይጎትታል ቢባል እንኳ ይህን ቤተሰብና ይህን ተሳቢ አንድ ላይ መሸከም አይችልም። ልብ ይበሉ፣ ይህ የሆነው ሞተሩ ሳይጫን ነው። ቶይ ሃውለርን የሚሠሩት ሰዎች ኋላው ጭነት እንደሚገባበት ስለሚያውቁ አክሰሉን ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ባዶውን ሲሄድ ፊቱ እጅግ የሚከብደው ለዚህ ነው። ኋላው ተጭኖ ፊቱ ይቀልላል፣ ኋላው ባዶ ሆኖ መኪናውን ይጫነዋል። ሁለቱንም የሚችል መኪና ነው የሚፈለገው።

የሚጎትተው ክብደት ራሱ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ የሚያወጣው ቁጥር ነበር። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን የጋራ መለኪያ ካወጣ በኋላ ቶዮታ በ2011 ሞዴል ቀድሞ ተቀበለው፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ከመለኪያው ፈተናዎች አንዱ በአሪዞና፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ዳር ተነስቶ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወጣው የዴቪስ ዳም ዳገት ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ የመኪናው የአየር ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ፍጥነቱ ከተወሰነው ሳይወርድ መውጣት አለበት። አዲሱ መለኪያ ሲመጣ የአንዳንድ መኪና ቁጥር ቀነሰ። ይህ ጥሩ ለውጥ ነው፤ ግን በፈተናው ላይ የሚሳፈሩት ሾፌሩና አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር የሁለት ሰዎች ቁጥር ነው፤ የአንድ ሙሉ ቤተሰብ አይደለም።

እርግጠኛ መሆኛው መንገድ ሚዛን ነው፤ በዚህ ረገድ ወገኖቻችን ከማንም በላይ አማካሪ አላቸው። በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው የማይገኝበት የኢትዮጵያውያን ማኅበር ወይም ሰፈር ጥቂት ነው። ለእሱ የነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለው ትልቅ ሚዛን የዕለት ሥራው ነው፤ ደውለው ቢጠይቁት አብሮ ይሄዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለጉዞ እንደሚሄዱ አድርገው ሁሉን ይጫኑ፤ ሰዉም ይሳፈር፣ ውሃውም ይሞላ፣ ሞተሩም ይታሰር። የመኪናው የፊት ጎማ አንደኛው ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የተሳቢው ጎማዎች ሦስተኛው ላይ ይቁሙ። ወረቀቱን ይቀበሉ። ከዚያ ተሳቢውን አንድ ጥግ ፈትተው መኪናውን ብቻ ከነሰዉ ይመዝኑ። የመኪናው ክብደት ከተሳቢው ጋር ሳለ ብቻውን ካለበት ምን ያህል እንደበለጠ ሲያዩ፣ ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ያረፈው ነው። ክብደት ማከፋፈያ ብረት ያለው ሰው ይህን ሲመዝን ብረቱን አላልቶ ይሁን፤ አለዚያ የተወሰነው ክብደት ወደ ተሳቢው ጎማ ስለሚመለስ ቁጥሩ ያሳስታል። ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዴ ጋራዡ ሞልቶ፣ አንዴ ባዶውን። እነዚያን ወረቀቶች መኪናው ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ከማንኛውም የሻጭ ምክር ይበልጣል።

ስለ ጎማ አጭር ነገር። ለተሳቢ የሚሠራው ጎማ ለአነስተኛ መኪና ከሚሠራው ይለያል፤ ብዙዎቹ ሌላ ምልክት ከሌለባቸው በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሮጡ አልተሠሩም። በካሊፎርኒያ ሕጉ ራሱ ተሳቢ የሚጎትትን ሰው በሰዓት 55 ማይል፣ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገድበዋል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል፤ ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው የተሠራው። ያገለገለ ቶይ ሃውለር ስታዩ የሚያብረቀርቀውን ቀለም ትታችሁ ጎማው ጎን ተንበርከኩ። ሌላው ደግሞ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ቡሎኖቹን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ፣ እንደገናም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ በመለኪያ ቁልፍ ማጥበቅ ነው። ይላላሉ።

ቶይ ሃውለር ብቻውን የሚያመጣው አንድ አደጋ ደግሞ አለ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ቤንዚን የያዘ ሞተር በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ነው ሕፃናት የሚተኙት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ የጋዝ ምድጃና የጋዝ ማሞቂያ አለ። ከወለሉ አጠገብ ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ብርድ ገባ ብሎ በጨርቅ የሚደፍን ሰው አለ፤ እጅግ አደገኛ ነው። ሞተሩ ከወጣ በኋላ በሩን ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ማናፈስ፣ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ማድረቅ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ መጠቆሚያዎቹን ከየጉዞው በፊት መሞከር፣ ጄኔሬተር አስነስቶ አለመተኛት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በአገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦችን ወሬ ያልሰማ ከመካከላችን የለም፤ ይህም ያው መርዝ ነው።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። ማቆሚያ ቦታ ይከራያል፣ መድን ይከፈላል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ስፌት በየጊዜው ካላዩት ውሃ ይገባል፣ የገባ ውሃ እንጨቱን ሳይታይ ያበሰብሰዋል። አዲስ የተገዛው ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጣ ቤተሰብ ቢከራይ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ኤርስትሪም ራሱ በ2000ዎቹ መጨረሻ ፓንአሜሪካ የሚባል፣ 34 ጫማ ርዝመት ያለውና ኋላው ጋራዥ የሆነ ተሳቢ አውጥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማምረቱን ተወው። ዋሊ ባያም ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ ከአፍሪካ ጉዞ ከተመለሰ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በ1962 እ.ኤ.አ. አርፏል። ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት አልፈልግም። የሱ መንገድ ግን ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የሚታወቀው ነገር የመንገዱና የጭነቱ ባሕርይ ነበር፣ መኪናውና ተሳቢው ለእነዚያ ነው የሚመረጡት።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚገዛው በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ መኪናው ይጎትተዋል የተባለውን ትልቁን ተሳቢ፣ በመጨረሻ ጋራዡ ውስጥ የሚገባውን ትልቁን ሞተር። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለቱም አይበቁም። ስለዚህ ሊገዛ የሚያስብ ወዳጅ ሲያማክረኝ የምጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ ምን ይጋልባል፣ ነዳጁ ሞልቶ ስንት ኪሎ ነው? ሁለት ሞተር ብስክሌት ከሆነ 250 ኪሎ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ አራት ሰው የሚይዝ የአሸዋ መኪና ከሆነ የዚያ ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ። ከዚያ ያንን ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ፣ ውሃውንም ሞልቶ ተሳቢው ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ሳያልፍ የሚይዘውን ይመርጣል። የዚያ ተሳቢ መጋጠሚያ ሙሉውንም ባዶውንም የሚጥለው ክብደት ሲታወቅ፣ ቤተሰቡን ደምሮ የመኪናውን ወረቀት ያያል። መኪና አስቀድሞ ያለው ሰው ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይሂድ፤ በሩ ላይ ካለው ቁጥር ይነሳ፣ ሰዉንና ዕቃውን ይቀንስ፣ የተረፈውን ይዞ ተሳቢ ይፈልግ። የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ አንድ ሞተር ብስክሌት የሚይዝ ትንሽ ተሳቢ አለ። ሞተሩን በፒክአፑ ጀርባ ጭኖ በድንኳን ማደርም አለ፤ ግላሚስ ላይ እንዲያ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው።